ረድእና ረዳት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ የአንድ የቆየ ወዳጄ ልጅ፣ በዚህ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት፣ ከደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ በብብቱም የጀርመንኛ መማሪያ መጽሐፍ ሸጉጦ ነበርና የመጣበት ጉዳይ ገና ሳይነገረኝ ገባኝ። በአዲስ አበባ ዛሬ ጀርመንኛ ከሚቆጥሩት ወጣቶች የብዙዎቹ ልብ የተሰቀለው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ እርስዋም «አውስቢልዱንግ» የምትባለው ናት። ትርጓሜዋ በሥራ ቦታ ተገኝቶ ሙያ መማር ሲሆን፣ በልጆቻችን አንደበት ግን ተለውጣ ቪዛ ማለት ሆናለች።

ልጁ የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ አስቀድሞ የጠየቀኝ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ነው። እኔም የማውቀውን አልሸሸግሁትም፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተለማማጅ የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ተወስኖ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሥልጠና 515 ዩሮ የነበረው በ2025 682 ዩሮ መድረሱን፣ በሁለተኛው ዓመት 18፣ በሦስተኛው 35፣ በአራተኛው 40 በመቶ እንደሚታከልበት፣ የመኪና ፋብሪካዎች ግን ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር በሚዋዋሉት መሠረት ከዚህ ብዙ አብልጠው እንደሚከፍሉ ነገርሁት። በልቡ ዩሮውን ወደ ብር እየመነዘረ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው። «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ምንድን ነው የሚማሩት? መኪና መፍታትና መግጠም እኮ ጋራዥ የዋለ ልጅ በስድስት ወር ያውቀዋል!» አለኝ።

በቃል ከመመለስ ይልቅ፣ ነፋስ እንዳይበትናቸው ወረቀቶቼን የምጭንበትን አንድ ቁራጭ ብረት ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥቼ በመዳፉ አስቀመጥሁለት። ብረቱ እንደ አሸንዳ ሁለት ጎንና አንድ ወለል ያለው፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ምንም የማያምር ነገር ነው። «ይህን ለመሞረድ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ» ስለው ሳቀ፤ እኔ የምቀልድ መስሎት ነበር።

በወጣትነቴ በደቡብ ጀርመን በኔካር ወንዝ ሸለቆ ከሚገኙት የመኪና ፋብሪካዎች ባንዱ፣ የመሣሪያ ሠሪነት ሙያ ለመማር ውል ተፈራርሜ በገባሁበት ዕለት፣ ሞተር የሚገጠምበትን አዳራሽ አያለሁ፣ ምናልባትም ከአዲስ መኪና መሪ ኋላ እቀመጣለሁ ብዬ ሌሊቱን ጫማዬን ስወለውል ላደርሁት ለእኔ የተሰጠኝ አንድ ሰማያዊ ቱታ፣ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ሞርሳ፣ አንድ ሞረድና ይህ ብረት ብቻ ነበረ። የመምህራችንም ቃለ ምዕዳን አጭር ነበረ፤ ፊቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ጎኑ ከወለሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ፣ ልኩም በሥዕሉ ላይ ከተጻፈው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በላይ አይራቅ አለና ሄደ። ሞርሳው በክርን ልክ መቆም እንዳለበት፣ ግራ እግር ወደ ፊት መቅደም እንዳለበት፣ ሞረድ የሚበላው ሲገፉት እንደ ሆነና ሲመልሱት ጥርሱ እንዳይደነዝ ቀለል አድርገው ሊያነሡት እንደሚገባ፣ የብረት ፍቅፋቂ በጥርሶቹ መካከል እንዳይሰነቀር ጠመኔ መቀባትና በሽቦ ብሩሽ መጥረግ እንደሚያስፈልግ፣ ይህን ሁሉ ከጎኔ ከቆመው የሁለተኛ ዓመት ተለማማጅ እያየሁ፣ አንዳንዱንም ከስሕተቴ ለቀምሁ።

ሞረድ ይዞ የማያውቅ ሰው እጁ በቀጥታ የሚሄድ ይመስለዋል። ነገር ግን የሰው ክንድ በትከሻው ላይ የሚዞር ስለ ሆነ፣ በገፋው ቍጥር ሞረዱ ሳይታወቀው እንደ ሚዛን ዘንግ ይወዛወዝና የብረቱ ዳርና ዳር ወርዶ መካከሉ እንደ እንጀራ ምጣድ አክንባሎ አብጦ ይቀራል። መምህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር። አንድ ጠርዙ እንደ ምላጭ የቀጠነ የብረት ማስመሪያ ከደረት ኪሱ ያወጣና ከሠራሁት ፊት ላይ አቁሞ ሁለቱን ባንድነት ወደ መስኮቱ ያነሣቸዋል፤ ብረቱ ልክ የሆነ እንደ ሆነ በመካከላቸው ጨለማ ይሆናል፣ ጉድለት ካለበት ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ሾልኮ ይታያል። ስለ ብርሃን ከሕፃንነቴ ጀምሬ በቤተ ክርስቲያን የሰማሁት ሁሉ መልካም ነገር ነበረ፤ በዚያ አዳራሽ ግን ብርሃን የኃጢአቴ መስካሪ ሆነብኝና፣ ሰማይ የደመነ ዕለት ደስ ይለኝ ጀመር። መምህሩ አይቆጣም፣ አይሳደብም፣ አያመሰግንምም፤ «ገና» ይልና ብረቱን ወደ ሞርሳዬ ይመልሰዋል።

አንድ ሌላም ነገር ነበረ። ተለማማጅ የሆነ ሁሉ በየሳምንቱ የሠራውንና የተማረውን በመዝገብ ጽፎ ለመምህሩ ያስፈርማል፤ ይህ መዝገብ ያልተሟላለት ሰው በመጨረሻው ፈተና ላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም፤ ሕግ ነው። የእኔ መዝገብ በመጀመሪያው ወር እንዲህ ይነበብ ነበር፦ ሰኞ ሞረድሁ፤ ማክሰኞ ሞረድሁ፤ ረቡዕ በሙያ ትምህርት ቤት ስለ ብረት ዓይነቶች ተማርሁ፤ ሐሙስ ሞረድሁ፤ ዓርብ ሞረድሁ፣ ጠረጴዛዬንም ጠረግሁ። በአራተኛው ሳምንት መምህሩ ሳይፈርም መለሰልኝ። የትኛውን ሞረድ ለምን እንደ መረጥሁ፣ የግራው ማዕዘን ለምን እንደ ወረደ፣ ነገስ ምን እንደማደርግበት ካልጻፍሁ እንደማይፈርም ነገረኝ። በዚያ ሌሊት በመኝታ ክፍሌ ተቀምጬ የግራው ማዕዘን የወረደበትን ምክንያት ስፈልግ አመሸሁና፣ ምክንያቱ ግራ እጄ የሞረዱን ጫፍ ከቀኝ እጄ አብልጦ የሚጫን መሆኑ እንደ ሆነ ደረስሁበት። ይህን ማንም አልነገረኝም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ወደ ፋብሪካው ውስጥ ገብተን በየክፍሉ እንዞር ነበር። ላሜራ በግዙፍ መኪና እየተጨመቀ በርና ጣሪያ ከሚሆንበት አዳራሽ የቆመ ሰው፣ መሬቱ ከእግሩ በታች ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል፤ በየሺሁ የሚቈጠር የብየዳ ነጥብ በሮቦቶች ክንድ ሲተኰስ ያያል፤ በመገጣጠሚያውም መሥመር አንድ ሠራተኛ ለአንድ መኪና የሚሰጠው ጊዜ ወደ አንድ ደቂቃ ግድም መሆኑን ሲመለከት ይደነግጣል። እኔን ግን ከሁሉ የገረመኝ የበሩ ነገር ነው። በበሩና በመኪናዋ አካል መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነ ነፋስ ያፏጫል፣ ዝናብ ይገባል፣ ገዢውም መኪናዋን ከሱቅ ሳያወጣት ነገሩን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ያም ስሕተት ምንጩ ሲመረመር፣ ላሜራውን ከሚቀርጸው ታላቅ የብረት ቅርጽ ላይ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ እንከን ሆኖ ይገኛል። ያን እንከን ፈልጎ የሚያቃናው መሣሪያ ሠሪው ነው፤ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መኪና ቅርጹን ከቈረጠው በኋላ እንኳ የመጨረሻውን ልስላሴ በእጁ የሚሰጠው እርሱ ነው። መምህሬ ማስመሪያውን ወደ መስኮት ሲያነሣ ያይ የነበረው ያችን በር እንደ ነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለወዳጄ ልጅ ይህን ስነግረው፣ የፈረንጅ ጥበብ ብቻ እንዳይመስለው የገዛ አያቱን ነገር አነሣሁለት። አያቱ የታወቁ መሪጌታ ነበሩ። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ በየደጃፉ ቁራሽ እየለመኑ ነው ድጓን የተማሩት፤ የኔታ ከጎጆአቸው ደጃፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው፣ ሃያ ተማሪ ባንድነት ሲጮኽ፣ ከሃያው መካከል የአንዱ ድምፅ ከድፋቱ ወይም ከርክርኩ ዝንፍ ያለች እንደ ሆነ «አንተ፣ መልስ!» ይሉ ነበረ። ያ ዓይን ጨፍኖ የሚሰማ ጆሮና ማስመሪያውን ወደ መስኮት የሚያነሣ ዓይን የአንድ ትምህርት ልጆች ናቸው። ይልቁንም የሚደንቀው የማስመስከሩ ሥርዓት ነው፤ ድጓን የትም ቢማሩት ማስመስከሪያው ጋይንት ቤተልሔም ናትና፣ ያስተማረው መምህር ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። በጀርመንም እንዲሁ፣ ተለማማጁን በመጨረሻ የሚመዝነው ያሠለጠነው ፋብሪካ አይደለም፤ የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ የሚሰይመው፣ ከአሠሪዎች፣ ከሠራተኞችና ከሙያ ትምህርት ቤት መምህራን የተውጣጣ የፈታኞች ጉባኤ ነው። ይህን ሥርዓት የኛ ሊቃውንት ከእነርሱ ሕግ አውጪዎች በፊት ያውቁት ነበር። እኛ የጐደለን ለዜማ የሰጠነውን ክብር ለብረት ሳንሰጥ መቅረታችን ነው።

ስለ ጆሮ ካነሣሁ የአውግስት ሆርኽን ነገር ማለፍ አልችልም። ይህ ሰው በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ ሲሆን፣ በአባቱ መንደጃ አጠገብ አንጥረኝነት ተለማምዶ፣ እንደ ዘመኑ ልማድ ሙያውን ይዞ ከአገር አገር እየዞረ፣ ኋላም የምሕንድስና ትምህርት ጨምሮ፣ በማንሃይም በካርል ቤንዝ ፋብሪካ ሠርቶ፣ በ1899 በስሙ የተሰየመ የመኪና ድርጅት አቆመ። ከማኅበርተኞቹ ተጣልቶ ሌላ ድርጅት ሲመሠርት ግን የገዛ ስሙን እንዳይጠቀም ፍርድ ቤት ከለከለው። ስሙ «ሆርኽ» በጀርመንኛ «ስማ፣ አዳምጥ» ማለት ነውና፣ በወዳጁ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ የላቲን ትምህርቱን ያጠና የነበረ የወዳጁ ልጅ ቃሉን ወደ ላቲን መልሶ «አውዲ» ቢባልስ አለ፤ ስሙም ጸና። በግእዝ ብንመልሰው «ስማዕ» ነው። ከእርሱ ቀድሞ የነበረው ጎትሊብ ዳይምለርም ቢሆን በሾርንዶርፍ ከተማ ከጠመንጃ ሠሪ ዘንድ የተለማመደና ለፈተናው ባለ ሁለት አፈሙዝ ሽጉጥ የሠራ ሰው ነው። በስማቸው መኪና የምንነዳው ሰዎች መጀመሪያ ቱታ የለበሱ ተለማማጆች ነበሩ።

እዚህ ላይ ወደ ቋንቋችን ልመለስ። በግእዝ «ረድእ» ማለት ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ እያገለገለ የሚማር፣ ነገ በመምህሩ ቦታ የሚቆም ደቀ መዝሙር ነው፤ ብዙውም «አርድእት» ይባላል፤ የጌታችን ተከታዮች የተጠሩበት፣ በገዳማትም ከአረጋዊ መነኩሴ ጋር የሚኖረው ጀማሪ የሚጠራበት የክብር ስም ነው። ከዚያው ሥር የወጣው የአማርኛው «ረዳት» ግን ጋራዥ ገብቶ ምን ሆነ? ጎማ የሚነፋ፣ ነዳጅ በአፉ ስቦ የሚያወጣ፣ ሻይ የሚያመጣ፣ በጥፊ የሚመታ ልጅ ሆነ። የመጀመሪያው የሚያገለግለው ለመሆን ነው፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ ያገለግላል። ውል የለውም፣ ደመወዙ የምሳ ነው፣ መቼ እንደሚጨርስም የሚያውቅ የለም፤ ጌታው ሲሞት ወይም ልጁ ሲጠፋ ያን ጊዜ ጨረሰ ይባላል።

ይህን ስል ጋራዥ ያሳደገውን መካኒክ የምንቅ እንዳይመስላችሁ። እርሱ የሆርኽ ልጅ ነው፤ ሞተር ሲነሣ ሰምቶ ኩሽኔታው እንደ ሄደ፣ ፍሪሲዮኑ እንደ ተበላ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። እግረ መንገዳችሁንም እነዚህን ቃላት ስሙልኝ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቱታም ራሱ። ጋራዦቻችን እስካሁን ጣልያንኛ ይናገራሉ። ከጌታ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ረዳት በጆሮ ብቻ ሲወርዱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆናቸው፤ መጽሐፍ ሳይጻፍላቸው አለመጥፋታቸው የጆሮን ትምህርት ጽናት ያሳያል፣ መጽሐፍ ሳይጻፍላቸው መቅረታቸው ደግሞ የእኛን ስንፍና።

ነገር ግን አሁን መኪናዋ ራስዋ ዝም አለች። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በአዲስ አበባ ጎዳና በዝተዋል፤ እነዚህም አያንኳኩም፣ አይጨሱም፣ አይሸቱም። በወለላቸው ሥር የተኛው ባትሪ በብዙዎቹ 400 ቮልት ገደማ የሚይዝ ሲሆን፣ ሰውን ከመግደሉ በፊት የሚያሰማው ድምፅ የለም። በጀርመን የመኪና ቴክኒክ ተለማማጅ ከ2013 ጀምሮ ይህንኑ የከፍተኛ ቮልት ሥራ ለብቻው የሙያ ዘርፍ አድርጎ መማር ይችላል፤ እንደ ጸሎት በቃሉ የሚያጠናውም ሥርዓት አለው፦ ኃይሉን አጥፋ፤ ማንም መልሶ እንዳያበራው ቆልፍ፤ ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ ለክተህ አረጋግጥ። ከዚህ በፊት እጁን አያስገባም። የእኛ ረዳት ግን የተማረው በጆሮው ነው፤ ጆሮው ደግሞ ይህን አይሰማም። ለልጁ «በስድስት ወር ያውቀዋል» ያልኸው ልጅ ይህ ነው ብዬ ባሳየሁት ጊዜ፣ ብረቱን በእጁ እያገላበጠ ዝም አለ።

የእጅ ሥራን ንቀት ከየት አመጣነው ብሎ መመራመር ረጅም ነገር ነው። አንጥረኛውን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል፣ ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ጌታችን በጸራቢ ቤት ያደገ፣ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ የሚበላ እንደ ነበረ በየሰንበቱ እየሰማን። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋትን የሙያ መንደር አድርገው፣ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ማኅበር የመጡ ባለ እጅ ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ ሴባስቶፖልን ሲያስቀርጹ፣ ከመድፉ ይልቅ የፈለጉት እጁን ያሠለጠነ ሰው ነበረ ብዬ አምናለሁ፤ መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፣ መንደሩም ፈረሰ። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ይዞ የገባው፣ ዳግማዊ ምኒልክም ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ያስነገሩት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናዋ ተስፋፋች። አዋጁ ግን ዛሬም ድጋሚ መነገር ሳያስፈልገው አይቀርም።

የሙያ ትምህርት ቤቶች አልከፈትንም ማለቴ አይደለም፤ አንጋፋውን ትምህርት ቤታችንን እንኳ «ተግባረ እድ» ብለን የሰየምን ሰዎች ስሙን አልተሳሳትንም። ችግሩ ያለው ከትምህርት ቤቱ ደጅ ወዲያ ነው። ተማሪው «አፓረንት»፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ወጣ ይባልና ደብዳቤ ተይዞለት ወደ አንድ ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ልጁን አልመረጠውም፣ አያውቀውም፣ ሊያስቀረውም አላሰበም፤ ስለዚህ መኪናውን እንዳያበላሽበት ከጥግ ያስቀምጠዋል። ወራቱ ሲያልቅ ቅጹ ይፈረማል። የጀርመኑ ነገር የተለየው በአንድ ነጥብ ነው፤ በዚያ ተማሪው መጀመሪያ የሚገባው ወደ ድርጅቱ ነው። ውሉን የሚፈራረመው ከአሠሪው ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት የሚላከው። አሠሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ ስለሚከፍለው እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ ከሙከራው ጊዜ፣ ማለትም ቢበዛ ከአራት ወር በኋላ፣ ያለ ብርቱ ምክንያት ሊያባርረውም አይችልም። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕጋቸው ውስጥ ደግሞ እኔን ከሁሉ ደስ የሚያሰኘኝ አንድ ቃል አለ፤ ለተለማማጅ ሥልጠናውን የሚያገለግል ሥራ ብቻ፣ ያውም ለአካሉ ጉልበት የሚመጥን ሥራ ብቻ ይሰጠው ይላል። ሻይ አምጣ ሥልጠና አይደለም።

የእነርሱም ቤት ጐዶሎ አለበት። በብዙዎቹ ክፍላተ ሀገራቸው ሕፃን አራተኛ ክፍልን ሲጨርስ በየትኛው የትምህርት መንገድ እንደሚሄድ ይለያል፤ የአሥር ዓመት ልጅ ዕጣው በዚያ ዕድሜ መቈረጡ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከአራት የሥልጠና ውሎች ከአንዱ በላይ ሳይፈጸም ይፈርሳል። የመኪና ኢንዱስትሪውም ዛሬ ጭንቅ ላይ ነው፤ ቮልክስዋገን በዲሴምበር 2024 ከሠራተኞች ማኅበር ጋር በተስማማው መሠረት እስከ 2030 ከ35,000 የሚበልጥ የሥራ ቦታ ሲቀንስ፣ በየዓመቱ ይቀበላቸው የነበሩትን 1,400 ተለማማጆች ከ2026 ጀምሮ ወደ 600 ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ወጣቶቻችን ሁሉ መጽሐፋቸውን ሸጉጠው ወደዚያ ቢያማትሩ በሩ እንደ ድሮው ሰፊ ሆኖ አይጠብቃቸውም። እኔም በዘመኔ የነበርሁበትን ሁሉ አላሞግስም፤ በሥልጠናው በሁለተኛ ዓመቴ፣ እኔን በጥቁርነቴ ብቻ ከሞተሩ ክፍል ያራቀኝ አንድ ኃላፊ ነበረና ነገሩ ለሠራተኞች ጉባኤ ተነግሮ እስኪቃና ድረስ ሦስት ወር ብሎን ስቆጥር ቆይቻለሁ። ቢሆንም ያን ጊዜ የምሟገትበት ወረቀት በእጄ ነበረኝ፤ ተለማማጅ እንጂ ቆጣሪ ሆኜ አልተዋዋልሁም ለማለት የቻልሁት ውሉ በኪሴ ስለ ነበረ ነው። በአንድ ጋራዥ ሦስት ወር ብሎን የቆጠረ የእኛ ልጅ ምን ያወጣል?

ስለዚህ እናንተ የጋራዥ ባለቤቶች፣ የመኪና መገጣጠሚያና የብረታ ብረት ፋብሪካ ጌቶች ሆይ፣ ልመናዬ ቀላል ነው። መንግሥት ሕግ እስኪያወጣ አትጠብቁ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ በውል ያዙ። በውሉ ላይ ምን ሙያ እንደሚማር፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚከፈለው፣ በስም ተጠርቶ የሚያስተምረው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ በሳምንት የትኞቹን ቀናት ወደ ሙያ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ጻፉበት፤ ልጁም በየሳምንቱ የሠራውን በመዝገብ ይጻፍላችሁ፣ እናንተም አንብባችሁ ፈርሙለት። ጀርመኖች የሚጠቀሙበት የውል ቅጽ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም፤ በአማርኛ ተተርጉሞ ማግኘት የሚሻ ቢኖር ያለ ዋጋ እተረጉምለታለሁ፤ ለዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ይጻፍልኝ።